ሕፃንና ትንሽ ልጅ ይዞ ትልቅ ፓርክ መዋል፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሱ

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አራት ዓመቷ ነው። ትንሹ ሰባት ወሩ። ትልቋ አንድነት ፓርክን በቴሌቪዥን ካየች ጀምሮ "አንበሳው ጋ መቼ ነው የምንሄደው?" ማለቷን አላቆመችም። ስለዚህ ከደሴ ተነስተን አዲስ አበባ ወሰድናት። ሁለት ጊዜ ሄድን።

በመጀመሪያው ጉዞ ሁሉንም በአንድ ቀን እናሳያት ብለን ሁለት ፓርክ አከታተልን። ከሰዓት ላይ ትንሹ በለቅሶ ግቢውን አናጋው። ትልቋ ደግሞ አንበሳውን ሳታይ አባቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለተኛው ጉዞ ግን አምሮ ተጠናቀቀ። ያወጣነው ገንዘብ ያው ነው፣ እንዲያውም አነሰ። የለወጥነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ቀኑን በትንሹ የእንቅልፍ ሰዓት ከፋፈልነው። ለትልቋ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቃል ገባንላት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

አንደኛ፦ ፓርኩን ምረጡ፤ አንድ ብቻ

አንድነት ፓርክ የሚገኘው ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። የተከፈተው በ2012 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የእንስሳት ማቆያ አለው። ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች የምታዩት እዚያ ነው። የልጆች መጫወቻ አለ፤ የነገሥታቱ ዙፋን ቤትና ግብር ቤት አለ፤ የክልሎች እልፍኞች አሉ። ግቢው ሰፊ ስለሆነ ብዙ ያስኬዳል። እንስሳ ለሚወድ ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ወዳጅነት ፓርክ ሸራተን አካባቢ ነው። ሣርና ውሃ ያለበት ክፍት ቦታ ነው። ልጅ እንደ ልቡ ይሮጥበታል። ለማየት የሚያስቸኩል ነገር ስለሌለ ከሕፃን ጋር ይመቻል። ውሃው ግን ዓይን ከልጅ ላይ እንዳይነሳ ያስገድዳል።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ተከፈተ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ቦታ ነው፤ ነፋሱ ይጋረፋል። ጨዋታዎቹም ከፍ ላሉ ልጆች ይበልጥ ይሆናሉ። የደሴ ብርድ የለመደ ልጅ ቢችለውም፣ ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሕፃን ይከብዳል። ትንሹ ዓመት እስኪሞላው እኔ አቆይቼዋለሁ።

ቢሾፍቱ ያለው የኩሪፍቱ የውሃ ፓርክም አለ። የውሃ ነገር የራሱ ጥንቃቄ ስላለው ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የእኔ ምክር ይኼ ነው፦ ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ካለ ለአንድ ቀን አንድ ፓርክ ብቻ ያዙ። ዘመድ "እዚያው ቅርብ ነው፣ ይቺንም እዩዋት" ይላችኋል። እሺ አትበሉ። ለነገ ይቆይ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ምረጡ

ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን ሰው ይበዛል። ከተቻለ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ሂዱ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ጠዋቱ ግን ይበርዳል። ከመነሳታችሁ በፊት ዘመድ ልካችሁም ሆነ ደውላችሁ ሦስት ነገር አረጋግጡ። የትኛው ቀን ዝግ ነው? የመግቢያው ዋጋ ስንት ነው፣ ክፍያውስ በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በስልክ? ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል?

አዋቂ ሁሉ መታወቂያ ይያዝ። አንድነት ፓርክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለሆነ ፍተሻ አለ። የልጆቹን የልደት ወረቀት ወይም የክትባት ካርድ ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ዕድሜ ሲጠየቅ ይጠቅማል፤ ሐኪም ቤት መሄድ ቢመጣም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፦ መንገዱ

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአዋቂ አንድ ቀን ነው። ለሕፃን ግን አራት የአየር ጠባይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፓርኩን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ መንገዱ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በሐረጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 አካባቢ ትሆናላችሁ። በከሚሴና በአጣዬ አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ወደ 1,300 ዝቅ ብላችኋል፤ ሙቀት ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 በላይ ትወጣላችሁ፤ ጉምና ብርድ ነው። ደብረ ብርሃንም ያው ብርድ ነው። ሕፃኑን ከደሴ በወፍራም ልብስ ጠቅልላችሁ ከወጣችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ በላብ ይርሳል። ያንኑ የራሰ ልብስ ለብሶ ጣርማ በር ሲደርስ ይበርደዋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ሳይሆን ሦስት ስስ ልብስ ደራርቡለት። ከሚሴ ላይ አንዱን አውልቁ። ደብረ ሲና ላይ መልሱለት። አንገቱን ከኋላ በእጃችሁ ንኩት። ከራሰ ሞቆታል ማለት ነው። የእጁ መዳፍ ቢቀዘቅዝ አትደንግጡ፤ መዳፍ ብዙ አይናገርም።

ቁልቁለትና ዳገት ጆሮ ይደፍናል። ትልቅ ሰው ምራቁን ይውጣል፣ ያዛጋል፤ ሕፃን ይኼን አያውቅም። ሐረጎን ስንወርድ ትንሹ ያለቀሰው ለቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "አብሽሪ ልጄ፣ ጡት አጉርሽው፣ ጆሮው ነው" አሉኝ። አጎረስኩት። ሦስት ጊዜ ሳይስብ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ሊጀመር ሲል ጡቱ ዝግጁ ነው። ጡጦም ያው ነው። ለትልቋ ውሃ በትንሽ በትንሹ እሰጣታለሁ። በአውሮፕላን ለምትሄዱም አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር እንደዚሁ አድርጉ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ እቅፍ ላይ ስለሚሄድ ሙሉ ዋጋ አይጠየቅበትም። አቅም ላለው፣ ለሕፃን ከዚህ የተሻለ የለም።

በመኪና ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው መናኸሪያ ጠይቁ። ሾፌሮች ያውቃሉ። "ዛሬ አያስተማምንም" ከተባለ ጉዞውን አሸጋግሩ። ሌሊት አትጓዙ። ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ብትይዙ ይመረጣል፤ በየሁለት ሰዓቱ መቆም የምትችሉት እንደዚያ ነው። ሕፃን ታቅፋችሁ ጋቢና አትቀመጡ። ቀበቶውን ለራሳችሁ ብቻ እሰሩ። ሕፃኑን ከእናንተ ጋር አንድ ላይ ካሰራችሁት፣ መኪናው ድንገት ሲቆም የእናንተ ክብደት እሱ ላይ ያርፋል። የልጅ መቀመጫ ያለው ሰው ካገኛችሁ ተዋሱ።

ትልቅ ልጅ የሚያስመልሰው ከሆነ ጠዋት ዳቦና ሻይ ብቻ ይብቃው። ወደ ፊት እንዲያይ አድርጉ። ስልክ አትስጡት፤ እያየ ሲሄድ ይብስበታል። ከመቀመጫው ኪስ ውስጥ ሁለት ፌስታል ይኑር፤ ቀዳዳ እንደሌለው አስቀድማችሁ በአየር ነፍታችሁ ፈትሹት።

ደብረ ሲና ላይ የቆሎ ሻጮች ወደ መስኮቱ ይመጣሉ። ለራሳችሁ ግዙ። ቆሎም ሆነ ኦቾሎኒ ግን ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ። በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ አንድ ፍሬ አየር ቧንቧ ውስጥ ከገባ መንገድ ላይ የሚያወጣው ሰው አታገኙም። ለልጆቹ ሙዝ ይሻላል።

አዲስ አበባ በደረሳችሁ ማግስት ፓርክ አትሂዱ። አንድ ቀን እረፉ። ዘመድ ቤት ከሆናችሁ ዕረፍቱ በነጻ ነው። ማደሪያ የምትከራዩ ከሆነ ምድር ቤት ያለ ክፍልና ውሃ ማፍያ ጠይቁ።

አራተኛ፦ ቦርሳው

ሁለት ቦርሳ ያዙ። ትልቁ ለእናንተ፣ ትንሹ ደግሞ ዳይፐር ለመቀየር ብቻ። ትንሿ ውስጥ ሁለት ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍት፣ የሚነጠፍ ጨርቅ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ፌስታል ትይዛለች። ሕፃኑ ሲያቆሽሽ ትልቁን ቦርሳ መሬት ላይ ዘርግፎ መፈለግ የለም። ትንሿን አንስቶ መሄድ ነው። ይቺ አንዲት ነገር ብቻ ቀኑን ታቀልላለች።

የዳይፐሩን ብዛት እንዲህ አስሉ፦ ከቤት በወጣችሁበት ለየሁለት ሰዓቱ አንድ፣ ከዚያ ላይ ሁለት ጨምሩ። ለትልቋም ቅያሪ ሱሪና ካልሲ አይረሳ። አራት ዓመት የሞላው ልጅ በደስታ ብዛት ሽንቱን ይረሳዋል።

ምግብ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ቢሞቅም ውሃ አያስፈልገውም፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። ጡት በነጠላ ተሸፍናችሁ ስታጠቡ ነጠላው አፍንጫው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ። የቆርቆሮ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ዱቄቱን ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ለክታችሁ በደረቅና ንጹሕ ዕቃ ያዙ። ፔርሙዝ ውስጥ ፈልቶ የተሞላ ውሃ ይኑር። ሲርበው ነው የሚበጠበጠው፤ ጠዋት በጥብጦ ይዞ መዋል ልጅን ያሳምማል። ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አብርዱት፤ ጠብታዋን አምባራችሁን በምታስሩበት ቦታ ላይ ሞክሩ። የተበጠበጠ ወተት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ልጁ ጀምሮ የተወውን ድፉት። ያሳዝናል፤ ወተት ውድ ነው። ግን ድፉት።

ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ሙዝና ድንች መፍጨት ይቀላል። እኔ የአጥሚት ዱቄት ይዤ ሄጄ ነበር፤ ማብሰያ ፍለጋ ስዞር ዋልኩ። አትልፉ። ለትልቋ በሶ በጥብጬላት ነበር፤ ከማንኛውም ከሚሸጥ ነገር ይበልጥ ይዟት ዋለ። ምግብ በበሩ ላይ ከጠየቋችሁ "የሕፃን ወተት ነው" ብላችሁ ቀድማችሁ አሳዩ። የሕፃን መሆኑን ሲያዩ አብዛኛውን ጊዜ ይረዷችኋል።

ሁለት እሽግ ኦአርኤስ፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ያዙ፤ ከየትኛውም ፋርማሲ ይገኛል። የሚበጠበጠው በእሽጉ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ነው። አብዛኛው ለ1 ሊትር ነው። ግማሽ እሽግ በጥብጣችሁ ግማሹን አታስቀምጡ።

አንቀልባ ወይስ ጋሪ? ሁለቱም። አንቀልባ ደረጃና ሰው ሲበዛ ነው። ሰው በሚጋፋበት ቦታ ግን ሕፃኑን ከጀርባ ወደ ደረት አዙሩት፤ ከኋላ ምን እንደነካው አታዩምና። ጋሪ ካላችሁ ለእንቅልፉ ይጠቅማል። አንድ ነገር ግን በብዙ እናት ላይ ስላየሁ ጎላ አድርጌ ልበል፦ ፀሐይ እንዳይነካው ብላችሁ ጋሪውን በነጠላ ወይም በጋቢ ዙሪያውን አትድፈኑት። ውስጡ አየር አጥቶ እንደ ምድጃ ይግላል። ከላይ ብቻ ጥላ ሁኑለት፤ ጎንና ፊቱ ክፍት ይሁን።

አምስተኛ፦ የፓርኩ ቀን

ትንሹ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል፤ 3 ሰዓት አካባቢ ይተኛል፤ እንደገና 7 ሰዓት ላይ። የእናንተን ልጅ ሰዓት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ጻፉ፤ በግምት አትሂዱ። ከዚያ ቀኑን በዚያ ሰዓት ቁረጡት። የእኛ እንዲህ ሆነ።

ፓርኩ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርን። ይኼ የመጀመሪያው ሰዓት ወርቅ ነው። ሰው የለም፣ ፀሐዩ ለስላሳ ነው፣ ትልቋ ጉልበት አላት። የመጀመሪያው ጉዞ ጥፋታችን ይኼን ሰዓት ፎቶ በመነሳት መጨረሳችን ነበር። በሁለተኛው ቀጥታ ወደ አንበሶቹ ሄድን። ቃል የገባንላት እሱን ነበርና። አንበሳው ተኝቶ ነበር። ጅራቱን አንዴ አነሳና መልሶ ጣለው። ትልቋ እጄን ጨምድዳ "እማ፣ አየኝ" አለች በሹክሹክታ። ሃያ ደቂቃ ቆማ አየችው። አልጎተትናትም። ከዚያ በኋላ ቀኑ ቢበላሽ እንኳ ለእሷ ሞልቷል።

ይኼን እንደ ሕግ ያዙት። ልጁን ቀድማችሁ "ከሁሉም ምኑን ማየት ትፈልጋለህ?" በሉት። አንዱን ይምረጥ። እሱን መጀመሪያ አድርጉት። "ሌላ ካየን በኋላ" አትበሉ። ለአራት ዓመት ልጅ "በኋላ" ማለት "የለም" ማለት ነው።

የእንቅልፉ ሰዓት ሲደርስ ትንሹ አይኑን ማሸት ጀመረ። እስኪያለቅስ አልጠበቅንም። ጥላ ያለበት ቦታ ፈልገን እኔ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ትልቋን ይዞ ወደ መጫወቻው ሄደ። ለሁለት መከፈል ማለት ይኼ ነው። አራታችሁም ሁልጊዜ አብራችሁ መሆን አለባችሁ ያለ ሰው የለም። አንዱ ከተኛው ጋር ይቀመጣል፣ ሌላው ከሚሮጠው ጋር ይሮጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተቀያየሩ። ለብቻችሁ ከሆናችሁ አንድ የዘመድ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመግቢያዋን ከፍላችሁ ምሳ ጋብዟት። ዋጋዋን ትመልሳለች።

መጫወቻዎቹ ላይ። ሕፃን ታቅፎ ሸርተቴ መውረድ የለም። ልጁን ጭን ላይ አድርጋችሁ ስትወርዱ እግሩ በሸርተቴው ጎን ይያዛል፤ የእናንተ ክብደት ደግሞ ይገፋዋል፤ አጥንት የሚሰበረው እንደዚያ ነው። ልጁ ብቻውን መውረድ ካልቻለ ሸርተቴው ለእሱ አልደረሰም ማለት ነው። የሚሽከረከሩና የሚጋጩ የኤሌክትሪክ ጨዋታዎች ባሉበት ቦታ ደግሞ የቁመት መለኪያውን እዩ። አስተናጋጁ "ግድ የለም፣ ይግባ" ቢልም ቁመቱ ካልደረሰ አታስገቡት። ማሰሪያው የተሠራው ለቁመቱ ነው። ነጠላ፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ ገመድ ያለው ኮፍያ አስቀድማችሁ አውልቁ፤ ተሽከርካሪ ነገር ይጠቀልለዋል።

ከረፋዱ 5 እስከ 9 ሰዓት ፀሐዩ ከባድ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርድ እያለ እንኳ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስድስት ወር ያልሞላውን ክሬም ከመቀባት በጥላ ማቆየት ይሻላል። ለትልቁ ሰፊ ባርኔጣና ክሬም። ይኼን ሰዓት ለአዳራሾቹ አስቀምጡት፤ ጥላ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ግብር ቤቱን ስናይ አባቷ ድሮ ንጉሡ ብዙ ሰው የሚያበሉበት ቤት ነው ብሎ ነገራት። ትልቋ ዙሪያውን አየችና "እንደ አይጠየፍ?" አለች። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የደሴውን አይጠየፍ አዳራሽ ማለቷ ነው። በዚያ በኩል ስናልፍ አያቷ የነገሯትን ይዛ ነው። ከመምጣታችሁ በፊት ልጆቻችሁን አይጠየፍን አሳይዋቸው። ቤተ መንግሥት ምን እንደሆነ ከቤታቸው አውቀው ሲመጡ እዚህ ያዩትን ይይዙታል።

ምሳ 6 ሰዓት ሳይሞላ ብሉ። ሁሉም ሲራብ ወረፋው ይረዝማል። ከመብላትና ከማጥባት በፊት እጅ መታጠብ እንዳይረሳ። እንስሳ ያለበት ቦታ ልጅ አጥሩን ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል።

7 ሰዓት ላይ፣ ከሁለተኛው እንቅልፍ በፊት፣ ወጣን። ያላየነው ብዙ ነበር። ትልቋ "ገና ነው" ብላ አለቀሰች። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ንገሯት፤ "አሁን አንድ ጊዜ ዥዋዥዌ፣ ከዚያ ወደ ቤት" በሉ፤ ያላችሁትንም አድርጉ። ድንገት እጅ ይዞ መጎተት ለቅሶውን ያብሰዋል። ትንሹ መኪና ውስጥ ተኛ። ስንደርስም አልነቃም።

ስድስተኛ፦ ልጅ እንዳይጠፋ

ጠዋት ከቤት ስትወጡ ልጁን በለበሰው ልብስ ከእግር እስከ ራሱ ፎቶ አንሱት። ሲጠፋ ሰው ደንግጦ የለበሰውን ይረሳል። ደማቅ ቀለም አልብሱት። የትልቋን ቢጫ ሹራብ ከሩቅ እለየው ነበር።

ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉበት። እኔ መጀመሪያ በእስክሪብቶ ክንዷ ላይ ጻፍኩ። እጇን ታጥባ ስትመለስ ሁለቱ ቁጥሮች ጠፍተዋል። አሁን ነጭ ጨርቅ ላይ ጽፌ ከሹራቧ ውስጥ በኩል እሰፋዋለሁ። የልጁን ስም ከውጭ አትጻፉ። ማንም ስሙን ጠርቶ ሊያቀርበው ይችላል። የአባቱንም የእናቱንም ቁጥር ጻፉ፤ አንዱ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ለልጁ መጀመሪያ ይኼን አስተምሩት፦ "ከጠፋን አትሂድ፤ ባለህበት ቁም። እኔ እመጣለሁ።" ሁለተኛ ደግሞ ማንን እንደሚጠይቅ አሳዩት። በሩ ላይ የደንብ ልብስ ያደረገውን ጥበቃ በጣታችሁ አሳዩትና "እኚህን ወይም ልጅ የያዘች እናት ጠይቅ" በሉት። ስሙንና የአባቱን ስም ሙሉ ለሙሉ እንዲናገር መንገድ ላይ አለማምዱት። "እማ ማን ትባላለች?" ሲሉት "እማ" ብቻ የሚል ልጅ ብዙ ነው።

ከጠፋ መጀመሪያ ውሃ ያለበትን ቦታ እዩ፤ ቀጥሎ በሩን። አንዳችሁ በጠፋበት ቦታ ቁሙ። ሌላው ወደ ጥበቃ ይሂድ። ጮክ ብላችሁ ስሙንና የልብሱን ቀለም ተናገሩ፤ "ቢጫ ሹራብ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅ!" ማፈር የለም። የፖሊስ ቁጥር 991 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

የውሃ ፓርክ ከመረጣችሁ

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕፃን በውሃ ውስጥ ቶሎ ይበርደዋል። ከንፈሩ ሲጠቁር ወይም ሲንቀጠቀጥ ወዲያው አውጡት፤ ፎጣ፣ ደረቅ ልብስ፣ ጡት። ስድስት ወር ያልሞላውን ባታስገቡት ይመረጣል። ተራ ዳይፐር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳልና ለዋና የሚሆነውን ፈልጉ።

ለትልቋ ደግሞ ይኼን ያዙ። ልጅ ሲሰምጥ አይጮኽም፤ እጁን አያወዛውዝም። ዝም ብሎ ነው። ስለዚህ ከልጁ እጅ በማይርቅ ቦታ ላይ አንድ አዋቂ ውሃው ውስጥ ይሁን፤ ስልኩን አስቀምጦ። ክንድ ላይ የሚነፋው ላስቲክ መጫወቻ እንጂ መትረፊያ አይደለም። "አንተ እየው" ተባብሎ ሁለቱም ወሬ መያዝ ነው የሚያስፈራኝ። ተራውን በስም ተነጋገሩ፦ "አሁን እኔ ነኝ የማየው።" ስትቀያየሩም ቃሉን ተቀባበሉ።

ስትመለሱ

ከፓርኩ ማግስት አትጓዙ። አንድ ቀን አርፋችሁ ውጡ። ጣርማ በርን ስትወርዱ ጡቱን አስታውሱ፤ ጆሮው በመመለሻም ያው ጆሮ ነው። ደብረ ሲና ላይ ልብሱን ቀንሱ፤ ኮምቦልቻ ካለፋችሁ በኋላ ለሐረጎ ዳገት መልሱለት።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ለሦስት ለአራት ቀን ልጆቹን ተከታተሉ። ተቅማጥ ከያዛቸው ኦአርኤሱን በማንኪያ በትንሽ በትንሹ ስጡ፤ ጡቱንም አታቋርጡ። አይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም መጥባት ካቃተው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ከደረሰ "ይለፈው" ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሂዱ።

ቦርሳውንም የደረሳችሁ ዕለት ማታ አራግፉት። ጥጉ ውስጥ ወተት ያለበት ጡጦ አይጠፋም።